የጥላ ቦቃ

ታላቅየዋ ከአራት ዓመት ወዲህ የሥራ ቀኗን የምትጀምረው በውሻዋ ግንባር ላይ ነጭ ቦቃ በመቀባት ነበር። ለዚህ ሥራ ሦስት ነገር ይበቃታል፤ በንብ ሰም የተለወሰ ነጭ የመድረክ ቅባት፣ መካከሉ በስለት የተፈለፈለ የጫማ ካርቶን፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። ካርቶኑን ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ጣት አስቀርታ ታሳርፍና ቅባቱን በብሩሹ ጫፍ፣ ከጸጉሩ አወራረድ በተቃራኒ ቀስ እያደረገች ትመታዋለች። ቦቃው የእንባ ጠብታ ቅርጽ አለው፤ ጫፉ ጥቂት ወደ ግራ ይዘማል። ጥላ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቆምላታል። ካርቶኑ ሲነሣ ጥላ የሚባለው ውሻ ይቀርና አገር የሚያውቀው መከታ ይቆማል።

መከታን የማያውቅ በእርግጥ አልነበረም። በየእሑዱ ማታ በቴሌቪዥን የሚታይ የተከታታይ ድራማ ባለታሪክ ነው፤ የጠፋ ሕፃን ፈልጎ ያገኛል፣ ከተቃጠለ ቤት አሮጊት ያወጣል፣ ወንዝ ይሻገራል። ተመልካች የማያውቀው ግን መከታ ሁለት ውሻ መሆኑን ነው። ፊቱ፣ ማለትም ሰው ሲያለቅስ የሚያጽናናው፣ ሲጠየቅ አንገቱን ዘንበል የሚያደርገው፣ ቦቃውን ከእናቱ ማኅፀን ይዞ የወጣው መከታ የታናሽ እኅቷ ውሻ ነው። ዋናው፣ ዝላዩና እሳቱ የጥላ ነው። መከታ ውኃ ይፈራል፤ እግሩ በእርጥብ ሣር ላይ ሲያርፍ እንኳ ያነሣዋል።

ሁለቱ ውሾች የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው። የእኅትማማቾቹ አባት የመጋዘን ጠባቂ ውሾችን የሚያሳድግ ሰው ነበር፤ በሞተበት ዓመት ለልጆቹ የቀሯቸው ሁለት ቡችሎች ነበሩ። በዚያ ቤት እንጀራም ቢሆን አልጋም ቢሆን ታላቅ ቀድማ ትመርጣለች፤ ሕጉ የአባትየው ነበር። ታላቅየዋ መዳፉ ሰፊ፣ ደረቱ ደንዳና የሆነውን፣ ግንባሩ ምልክት የሌለበትን መረጠች። የመረጠችውም በዕውቀት ነው። አባቷ፣ «ቦቃ ያለው ውሻ በጨለማ ይታያል፤ ሌባው እሱን ሳያየው በፊት እሱ ሌባውን ማየት ሲገባው ነገሩ ይገለበጣል» ይል ነበር። ስለዚህ ቦቃውን፣ ቀጭኑን፣ ፈሪውን ለታናሽየዋ ተወችላት። ታናሽየዋም፣ በቤት ስሟ ሚጣ፣ አመስግና ተቀበለች።

ከሁለት ዓመት በኋላ የድራማው አዘጋጅ ግቢያቸው መጥቶ ውሾቹን ጎን ለጎን አቆማቸው። በጥላ መዳፍና ደረት ላይ ዓይኑ ለአፍታ አላረፈም። ቦቃውን አየ፣ የዘመመውን አንገት አየ፣ «ይሄ ነው» አለ። ታላቅየዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ምርጫ ከልቧ አልወጣም። ዕድሏን ሌላ ሰው ነጥቋት ቢሆን በነጣቂው ላይ ትፈርድ ነበር፤ በገዛ እጇ አንሥታ ለታናሿ የሰጠችውን ግን ማንን ትክሰስበት?

ከአዘጋጁ ጋር በተፈራረሙት ውል ላይ አንድ አንቀጽ አለ። ልጆች መከታ አንድ መሆኑን ማመን አለባቸውና ሁለተኛው ውሻ ከቀረጻ ውጪ ቦቃ ተቀብቶ አይታይም፤ ስለ መኖሩም አይነገርም። በድራማው መጨረሻ በሚያልፈው ጽሑፍ ውስጥ የመከታ አሠልጣኝ ተብላ የምትጠቀሰው ሚጣ ናት። ታላቅየዋን የቀረጻ ሠራተኞች «የጥላ እናት» ይሏታል። እነሱ በፍቅር ነው የሚጠሯት፤ ለእሷ ግን ስሙ በጆሮዋ እንደ ገባ ጉንዳን ነበር።

ዝናው ደግሞ እየባሰ ሄደ። የመከታ ፊት በልጆች ቦርሳ ላይ፣ በኩባያ፣ በነጠላ ጫማ፣ በበር ምንጣፍ ላይ ታተመ። ሰዎች የራሳቸውን ውሾች ግንባር እየቀቡ ወደ መናፈሻ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ለዘመናት «ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይሉ የነበሩ ሆቴሎች ሰሌዳቸውን ነቅለው «ከነውሻዎ ይምጡ» የሚል ሰቀሉ። በመጨረሻም የባቡር ድርጅቱ መንገደኛ ከውሻው ጋር የሚሳፈርበት አዲስ ፉርጎ ሠራ፤ የምረቃውን ጉዞም መከታ እንዲመራው ጠየቀ። ጉዞው የሁለት ቀን ነው። መጨረሻው የሐይቅ ዳር ከተማ ሲሆን በዚያ መከታ በመድረክ ላይ ልጆችን ሰላም ይልና ከጀልባ መቆሚያው ዘሎ አሻንጉሊት ከውኃ ያወጣል። ሰላምታው የመከታ ነው፤ ዝላዩ የጥላ። ቅያሪው ከመድረኩ ኋላ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ይደረጋል።

መከታ በአዲሱ ፉርጎ መስኮት ዳር፣ ስሙ የተጠለፈበት ትራስ ያለው ወንበር ተሰጠው። ጥላ ግንባሩን ተጠርጎ በዕቃ ፉርጎ ውስጥ፣ በሽቦ ሣጥን ተጫነ። ታላቅየዋም ከእሱ አትለይምና ከሻንጣዎቹ መካከል አንድ ሣጥን ደፍታ ተቀመጠች።

ትኬት ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጠው።

«እትዬ፣ እርስዎ ትኬት አለዎት። ውሻው ግን ትኬት የለውም፤ ያለው የዕቃ ካርድ ነው።»

«በዕቃ ፉርጎ ነዋ የሚሄደው።»

«እንግዲያው ዕቃ ነው ማለት ነው።»

«ዕቃ ነው። ሲነክስህ ለዕቃ ክፍል ታመለክታለህ።»

ተቆጣጣሪው ሳቀ፤ ከሣጥኑ ግን አንድ እርምጃ ራቀ። «መከታን አይተውታል? ፊት ለፊት ነው ያለው። ለልጄ ፎቶ አንሥቼለታለሁ። እንደ ሰው እኮ ነው፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያይዎት ኃጢአትዎን የሚያውቅ ይመስላል።»

«ይህን ታዲያ እዚህ ድረስ መጥተህ ለዕቃ ትነግራለህ?» አለችው።

ከቀትር በኋላ ሚጣ በፉርጎዎቹ መገናኛ በኩል መጣች። አዲስ ሹራብ ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ የድርጅቱ ምልክት ተሰክቷል።

«እታለም፣ መከታ አልቀመጥ አለኝ። ትራሱ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ያያል። ወንድሙን ፈልጎ ነው። ጥላን ለአንድ ሰዓት ልውሰደው፤ መጋረጃውን እዘጋዋለሁ፤ ማንም አያይም።»

«ምነው፣ ወንበሩ ጠበበው?»

«ለሱ ብዬ እኮ ነው።»

«ለሱ ብለሽ! ንጉሥ መጋረጃ ዘግቶ ከድኻ ጋር ልጫወት ሲል ድኻው ደስ ይለዋል ያለሽ ማን ነው? በመስኮት የማይታይ እንግድነት ለኔ ውሻ አይስማማውም። ተመለሽ፤ ፎቶ አንሺዎቹ ይጠብቁሻል።»

ሚጣ በሩን ከፈተች። «በቦርሳሽ ጎን ዳቦ በእንቁላል አስቀምጬልሻለሁ» ብላ ሄደች።

ታላቅየዋ ዳቦውን ላለመብላት ሁለት ጣቢያ ታገለች። በሦስተኛው በላችው። ጣፈጣት፤ ይኸም አናደዳት። የቅናት ክፉ ጠባዩ ይህ ነው፤ ክፋትን ብቻ አይደለም የሚመነዝረው፤ የተደረገለትን ደግነትም ወደ በደል ይለውጠዋል። እናታቸው ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ታላቅ ሆና፣ ሚጣን ጸጉሯን እየሠራች ያሳደገቻት እሷ ናት። አሁን በዳቦ የምታባብላት ሚጣ ሆነች።

ያንን ሌሊት ያደሩበት ሆቴል ለመከታ ክፍል ሰጥቶ ነበር፤ ወፍራም ምንጣፍ፣ ስሙ የተጻፈበት ሳሕን፣ በወርቃማ ቀለም «ቤትዎ ነው» የሚል ካርድ። ለታላቅየዋ የደረሳት ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለው ክፍል ነው። ጠዋት እንደ ልማዳቸው ሚጣ ከጋዜጠኞች ጋር ቁርስ ስትቀመጥ መከታን ለብሩሽ ወደ እሷ ላከችው። ማበጠር የታላቅየዋ ሙያ ነው። ሁለቱም ውሾች በልብስ ማጠቢያው እርጥብ ወለል ላይ ጎን ለጎን ቆሙ፤ መከታ እግሩን እያፈራረቀ እያነሣ፣ ጥላ እንደ ተተከለ ምሰሶ።

ቦርሳዋን ስትከፍት ከቅባቱ ጋር የራሷ የጸጉር ቀለም ወጣ። ሽበቷን የምትሸፍንበት ቀይ ቡናማ ቀለም ነው፤ የቀረጻ ሠራተኞች «የጥላ እናት ከልጆቿ ጋር አንድ ጸጉር ናት» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ቀልዱ እውነት ነው፤ ቀለሙ ከውሾቹ ጸጉር አንዲት ቅንጣት አይለይም።

እጇ ከልቧ ቀደመ። ለአንድ ቀን ብቻ፣ አለች ለራሷ። ለስድስት ሰዓት መንገድ ጥላ መስኮት ዳር ይቀመጥ፤ ሰው ሁሉ አውቆም ባይሆን እሱን ይዳብስ። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሁለቱንም አጥባ ወደየቦታቸው ትመልሳለች። ይህ ቀለም ለውሻ ቆዳ እንደማይሆን ታውቃለች፤ ቢሆንም በጥርስ ብሩሹ የመከታን ቦቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈነችው። ከዚያ ካርቶኑን አንሥታ የጥላን ግንባር ቀባች። አራት ዓመት ሙሉ የተቀባውን በዘይት እያስለቀቀች ስለኖረች፣ ዘይት የማያስለቅቀው ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰላትም። በቀለሙ ማሸጊያ ላይ «እስከ ስድስት ሳምንት አይለቅም» ተብሎ የተጻፈውን ገዝታ ስትጠቀም የኖረች ሰው ናት፤ በዚያች ጠዋት ግን ቅናት ዓይኗን ስለሸፈናት አላነበበችውም።

ጣቢያው ላይ የጥላን ማሠሪያ ለሚጣ አቀበለቻት። ሚጣ ማሠሪያውን ተቀበለች፤ ዝቅ ብላ የውሻውን ግንባር አየች።

«እሺ፣ እንሂድ» አለች። ቀጥላም፣ «እታለም፣ የድርጅቱ ጸሐፊ ስለቀረች አንድ ወንበር ተርፎኛል። ዛሬ ከኛ ጋር ሁኚ።»

«ጥላስ ብቻውን?» አለች ታላቅየዋ፣ በዕቃ ፉርጎው ውስጥ ያለውን መከታን ማለቷ ነበር።

«የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ ጥሩ ሰው ነው፤ አደራ እለዋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ታላቅየዋ በአዲሱ ፉርጎ ተቀመጠች። ወንበሮቹ ጥቁር አረንጓዴ ናቸው፤ በየእግራቸው ሥር የውኃ ሳሕን የሚያርፍበት ቀለበት አለ፤ በየጎናቸው ማሠሪያ የሚንጠለጠልበት መንጠቆ። ከአሥራ አራቱ ውሾች ዘጠኙ ግንባራቸውን ተቀብተዋል፤ ገሚሱ በኖራ፣ ገሚሱ በጥርስ ሳሙና። አንዱን ጥቁር ውሻ ቦቃው በአፍንጫው ላይ ወርዶበት ዱቄት የሰረቀ አስመስሎታል። ታላቅየዋ በባለሙያ ዓይን እያየች ናቀቻቸው። ከዚያ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ጥላ የወንድሙ ስም በተጠለፈበት ትራስ ላይ ተቀምጦ፣ ሜዳው በፊቱ ይሮጣል። ደረቷ ውስጥ ለአራት ዓመት ተጨብጦ የኖረ ነገር አንድ ጣቱን ፈታ።

ብዙም አልቆየ። ሕፃናት ተሰልፈው መጡ። መከታ በድራማው ውስጥ አንድ ሰው «እውነት?» ሲለው አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል፤ አገር ሁሉ የሚወድለት ይህንኑ ነው።

«እውነት?» አለች የመጀመሪያዋ ልጅ።

ጥላ አያት። አንገቱ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«እውነት? እውነት?» አሉ የቀሩት። ጥላ ከትራሱ ወረደና ወደ ዕቃ ፉርጎ በሚወስደው በር ፊት ተቀመጠ።

«አኩርፏል» አለች ልጅቷ።

«የሚያኮርፍ መከታ አልወድም» አለች ሌላዋ።

ታላቅየዋ ጉንጯ ጋለ። ሰው ሁሉ የናፈቀው ለዚህ ነው? ለአንገት ማዘንበል? ይህ አንገቱን ያላዘነበለው ውሻ ስንት ጊዜ ለሞት ቀርቧል፤ ያኛው አንገቱን ሲያዘነብል ግን ባገሩ ልጆች ልብ ውስጥ ቤት ሠራ። ሚጣ ልጆቹን «ደክሞታል፤ ማታ ይጫወታል» ብላ አሰናበተችና፣ እግሬን ላፍታታ ብላ ወጣች። በመንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ እንዲህ ወጣች።

ከፊት ለፊት፣ ቅርጫት ውስጥ ትንሽ ሽባ ውሻ የታቀፉ አሮጊት ተቀምጠው ነበር። ልጆቹ ሲሄዱ ወደ ታላቅየዋ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አንቺ ከመከታ ቤት ሰዎች ነሽ?»

«አዎን፣ እማማ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ወንዝ፣ ሕፃኗን ያወጣበት፣ ቀዝቃዛ ነበር?»

ይህንን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሰው የሚጠይቀው መከታ ምን እንደሚበላና ከማን ጋር እንደሚተኛ ነው።

«በረዶ ነበር» አለች። «ሰባት ጊዜ ነው የዋኘው። አዘጋጁ አልጠገበም። በሦስተኛው ጊዜ ግንድ መጥቶ ትከሻውን መታው፤ ሰጠመብኝ አልኩ። ወጣ። አራገፈና ተመልሶ ወደ ውኃው አፋፍ ሄዶ ቆመ፤ ማንም ሳያዘው።»

«ትከሻውን?»

«ግራውን። ጸጉሩን ወደ ኋላ ቢሉት ጠባሳው ይገኛል።»

አሮጊቷ ዝቅ ብለው በጣታቸው ፈለጉ፤ አገኙትም። ጣታቸውን ከጠባሳው ላይ ሳያነሡ፣ «እሰይ የኔ ጀግና» አሉት፣ ለመከታ ሳይሆን በትክክል ለዚያ ለተመታው ትከሻ። ጥላ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጠዋት ካርቶኑ ሲያርፍበት እንደሚጨፍነው። ታላቅየዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቀና ስትል ሚጣ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ሐይቁ ዳር ደረሱ። ድንኳኑ ውስጥ ታላቅየዋ መከታን ከሣጥኑ አወጣችና ዘይት የነከረ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አሳረፈች። ጨርቁ ንጹሕ ወጣ። ጨመረች። በሳሙና አሸች፤ በሙቅ ውኃ አሸች። ነጩ ጸጉር ቀለሙን እንደ ደረቅ መሬት ጠጥቶታል። መከታ አልጮኸም፤ አንገቱን ብቻ ዘንበል አድርጎ አያት። እሷም የትኬት ተቆጣጣሪው ያለውን አስታወሰች።

ሚጣ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ታላቅየዋ ጨርቁን ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሏል ይህ ነው።

«አልለቅ አለ?» አለች ሚጣ።

«ምኑ?»

«እታለም፣ ውሻዬን የማላውቅ መሰለሽ? ጠዋት ማሠሪያውን ስትሰጪኝ ነው ያወቅሁት። ጆሮውን መዳበስ እንኳ ሳያስፈልገኝ።»

ታላቅየዋ የደበቀችውን ጨርቅ ወደ ኪሷ ከተተች። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትናንት ለጥላ መጋረጃ እዘጋለሁ ስልሽ ተቆጣሽኝ። ልክ ነበርሽ። አንድ ቀን እንኳ መጋረጃ ሳይዘጋበት ይቀመጥ ብዬ ነው። መከታን ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ተኝቶ ነበር።» ካርቶኑን ከወለሉ አነሣች። «በይ አሁን ቅባቱን ስጪኝ። አምስት ደቂቃ ነው ያለን።»

ብትመታት ይሻላት ነበር። ምት ይመለሳል፤ ይህ ግን ከየት ተጀምሮ ይመለሳል? ዝናው የሚጣ ነው፤ ወንበሩ የሚጣ ነው፤ አሁን ደግሞ ይቅርታውም የሚጣ ሆነ። ለታላቅየዋ ምንም አልተረፈም።

ያን ዕለት የእውነተኛው መከታ ቦቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በካርቶን ተቀባ። ሚጣ እጇ ያልለመደ ነውና ቅባቱን አበዛችው። ታላቅየዋ መብዛቱን አየች። «ስስ አድርጊው» ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

መድረኩ ላይ መከታ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ «እውነት?» ተባለ፣ አንገቱን አዘነበለ፤ ሕዝቡ በደስታ ተናወጠ። ከዚያ ባቡር ውስጥ «አኩርፏል» ያለችው ልጅ እንድትዳብሰው ተጠርታ ወጣች። ግንባሩን ዳበሰችው። መዳፏን አየች። ወደ ሕዝቡ ዘረጋችው።

«ቀለም ነው» አለች።

ከፊት ወንበር አንድ ሰውዬ፣ እሱም የተቀባ ውሻ የያዘ፣ «በምንድነው የቀባችሁት? የኛ እስከ እራት እንኳ አይቆይም» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ኋላ ወንበሮች ሲደርስ ሳቅነቱን ለቀቀ። «ሌላ ውሻ ነው ያመጡብን» አለ አንዱ። «ባቡሩ ውስጥም እኮ አንገቱን አላዘነበለም» አለች አንዲት እናት። የድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወደ ሚጣ ሄዶ፣ «ይህ መከታ ነው አይደለም? ለሕዝቡ ይናገሩ» አላት።

ሚጣ የመከታን አንገት አቅፋ ተንበርክካለች። ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ወደ ድንኳኑ አየችና መልሳ ዘጋችው።

ታላቅየዋ ከመጋረጃው ኋላ ጥላን ይዛ ቆማ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያለመችው ነገር በዓይኗ ፊት ቆሟል፤ ሚጣ በሕዝብ ፊት ዋሾ ተብላ፣ ያ የተወደደ ግንባር ተንቆ። ለሦስት ትንፋሽ ያህል ልቧ ጠገበ። በአራተኛው ግን ሚጣ ለምን ዝም እንዳለች ገባት። አንዲት ቃል ብትናገር ራሷ ትድናለች፤ እኅቷ ትወድቃለች። ስለዚህ አትናገርም። እስከ መጨረሻው አትናገርም።

ጥላን እየሳበች ወጣች። ሁለት መከታ በአንድ መድረክ ላይ ቆመ።

«ይህ መከታ ነው» አለች፣ ወደ ሚጣ ውሻ እያመለከተች። «ቦቃው የተፈጥሮ ነው። ዛሬ ጠዋት በራሴ የጸጉር ቀለም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኅቴ የሠራችው ጥፋት የለም።» ከኪሷ የዘይቱን ጨርቅ አውጥታ የጥላን ግንባር ጠረገች፤ ነጩ ለቀቀ። «ይህኛው ደግሞ ጥላ ይባላል። ወንዙን የዋኘው እሱ ነው። እሳቱ ውስጥም የገባው እሱ ነው።»

ልጅቷ መዳፏን እንደዘረጋች ነበር። «ለምን አጠፋሽው?»

ታላቅየዋ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ፈለገች፤ የተሻለ፣ በሰው ፊት የሚቀርብ።

«ቀንቼ» አለች።

የምትመኘውን አገኘች ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ የጥላን ስም ሰማ። የሰማው ግን ከውርደቷ ጋር ተጠቅልሎ ነው። ኃላፊው ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ «ውሉ፣ ውሉ» እያለ ወደ ጎን ሄደ። ከኋላ ወንበር አሮጊቷ ቅርጫታቸውን ታቅፈው ተነሡ። «ታዲያ ይዝለልልና» አሉ። «ለመዝለሉም መሐላ ያስፈልገዋል?»

ጥላ ግንባሩን ባዶ አድርጎ በመቆሚያው እንጨት ላይ ሮጠና ዘለለ። ውኃው ተከፈተ፤ ተዘጋ፤ ጭንቅላቱ ወጣ። አሻንጉሊቱን በጥርሱ ይዞ፣ ማዕበሉን በደረቱ እየቀዘፈ ሲመለስ መጀመሪያ ልጅቷ «ጥላ» አለች፤ ሌሎችም ተቀበሏት።

ታላቅየዋ በመቆሚያው ጫፍ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። ጥላ ከውኃው ወጣ፣ አሻንጉሊቱን እግሯ ሥር ጣለ፣ አላያትም፤ አልፏት ሄደ። ውኃ የፈራው መከታ እስከ መቆሚያው አጋማሽ ደርሶ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ይጠብቀው ነበር። ጥላ አጠገቡ ቆሞ ግንባሩን ይልስለት ጀመር፤ ያንን በዝቶ የተቀባውን ቅባት፣ እስኪጠፋ ድረስ። ሕዝቡ በዚህ ጊዜ ነው በእውነት ያጨበጨበው። ታላቅየዋ የተዘረጋ እጇን ሰበሰበች። በመከታ ቀናች፤ በገዛ ውሻዋ ምላስ ቀናች።

በመልሱ ጉዞ ኃላፊው ሰኞ ጠዋት ሁለቱም እኅቶች አዘጋጁ ዘንድ እንዲቀርቡ ነገራቸው፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። ውሾቹ በአንድ ትራስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ተቆጣጣሪውም ለጥላ የውሻ ትኬት በእጁ ጻፈለት። ታላቅየዋ ለራሷ የተሰጣትን ወንበር አልወሰደችም፤ በዕቃ ፉርጎ ውስጥ፣ በባዶው የሽቦ ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

ከሁለተኛው ጣቢያ በኋላ ሚጣ መጣች። አንድ ዳቦ ይዛለች።

«ሂጂ፣ ውሾቹ ብቻቸውን ናቸው» አለች ታላቅየዋ።

«ሁለት ናቸው እኮ።» ሚጣ ሻንጣ ገፋ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። «ያ ቀለም ግን በእውነት ስድስት ሳምንት ይቆያል?» አለች።

«አንዳንዴ ሰባት።»

«እንግዲያው ሰባት ሳምንት መከታን የምትቀቢው አንቺ ነሽ። እኔ አበዛዋለሁ።»

«አብዝተሽዋል» አለች ታላቅየዋ። «አይቼሽ ነበር።»

ሚጣ ቀና ብላ አየቻት። ታላቅየዋ ዓይኗን አላሸሸችም። ይህን ሰምቶ ዳቦ የሚቆርስ ሰው አይገኝም፤ ሚጣ ግን ቆረሰችው፤ ትልቁን ለራሷ አስቀረችና ትንሹን ለታላቋ ሰጠቻት። በዚያ ቤት ታሪክ ታናሽ ቀድማ ስትመርጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ታላቅየዋ ትንሹን ተቀበለች፤ ዓይኗ ግን ትልቁ ላይ ነበር።